የወንድሟ ሳል

ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል። ከልጅነቷ ጀምራ ጎንበስ ብላ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ለኖረች ሴት ሌላ ስም ብዙም አላስፈለጋትም። የምትሠራው ልብስ እጥበት ቤት ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ነው። እንፋሎቱ ፊቷን ስለሚያወዛው ደንበኞች ሁልጊዜ ያለቀሰች ይመስላቸዋል። «ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ሲሏት «ያስለቀሰኝ የእርስዎ ኮሌታ ነው» ትላለች። ጨዋታ አዋቂ ነበረች።

ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ጠዋት «ረጅም መንገድ ነው» ብሏት ወጣ፤ መንገዱም እውነትም ረዘመ። ሁለት ልጆች ቀሩላት፤ ትልቁ ወንድ ልጅና ሚጡ የምትላት ትንሿ ሴት።

ለድሃ ልጆች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን አለ። ግን ትምህርት ቤት ላልገቡት ብቻ ነው። ትልቁ ልጅ ደብተር የያዘ ዕለት የመድን ካርዱን መለሰ። እንደ ሕጉ ከሆነ ልጅ ፊደል ሲቆጥር መታመም ያቆማል ማለት ነው። ሽፋኑ ለተማሪዎችም ሊሰፋ ነው የሚለውን ወሬ ሬዲዮው ደጋግሞ ሲያወራ፣ አብሯት የሚሠራው አጣቢ ሽማግሌ እጁን ከአረፋው ሳያወጣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል።

ትልቁ ልጅ ማሳል የጀመረው በክረምት ነው። ከዚያ በፊት ኳስ ሲያባርር የሚደርስበት አልነበረም። ቆይቶ በረኛ ሆነ። በኋላ ደግሞ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ሹራባቸውን አቅፎ የሚጠብቅ ሆነ። ሲተኛ ያፍነዋል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚያድረው። ካውያ የግል ክሊኒክ በር ድረስ ወስዳው ዋጋ ጠይቃ ተመለሰች።

አንድ ቀን ሚጡ ጉንፋን ይዟት በእሷ ካርድ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀና ብሎም ሳያይ «ሌላስ ምን ያማታል?» አላት። አፏን ምን እንደከፈተው እንጃ፤ «ማታ ማታ ሳሉ አያስተኛትም» አለችው። ሽሮፕ ጻፈላት። ቤት ስትገባ ትልቁን ልጅ አጠጣችው፤ እንቅልፍ ወሰደው። እሷም ፈውስ መሰላት።

ከዚያ ወዲያ ለመደባት። ሳሉ በጠናበት ቁጥር ሚጡን አዝላ ትሄዳለች። አሳሳሏን የሚያስተምራት ወንድሟ ነው።

«እንዲህ አይደለም፣ ከሆድሽ አውጪው።»

«ሆዴን አላመመኝም እኮ።»

«አንቺን መች አመመሽ፤ እኔን ነው።»

ሁለቱም ይስቃሉ፤ እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ያፍነዋል።

አጣቢው ይህን ሲሰማ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አላት።

«አባባ፣ በሽታውን መች ደበቅሁ? የደበቅሁት ልጁን ነው።»

ሽማግሌው ወደ አረፋው ተመለሰ።

ሽሮፑ መሥራት ሲያቆም ሚጡን ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ ያየቻት ሐኪም መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት። የሚጡን ደረት በማዳመጫው ብዙ አዳመጠች።

«ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል?»

«ያጥራታል።»

«ተጋድማ መተኛት ትችላለች?»

«አትችልም፤ ቁጭ ብላ ነው የምታድር።»

«ከንፈሯስ ይጠቁራል?»

ካውያ የሚጡን ከንፈር አየች። አይጠቁርም ካለች ያው ሽሮፕ ነው የሚሰጧት። «ማታ ማታ ይጠቁራል» አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አልጋ ትያዝ። ደምና ራጅ እፈልጋለሁ።»

«መድኃኒቱን ብቻ ቢሰጡኝ፣ እኔ ቤት…»

«ከንፈሯ የሚጠቁር ሕፃን ቤት ትወስጃለሽ? ምን ዓይነት እናት ነሽ?»

ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች። ሚጡ ጉዱን ያወቀችው ያኔ ነው። «እማዬ፣ ንገሪያት! ንገሪያት እንጂ!» እያለች ተንፈራገጠች። ካውያ የልጇን ክንድ አጥብቃ ያዘች። ብትናገር ካርዱን ይቀሟታል፤ ያኔ ሁለቱም ልጆች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ነርሷ «አይዞሽ ቆንጆ፣ እናትሽ የምትይዝሽ ለአንቺው ብላ ነው» አለቻት።

በማግስቱ አጣቢው ትልቁን ልጅ እህቱን እንዲጠይቅ ይዞት መጣ። ሐኪሟ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስታ እያየች «ሳንባዋም ልቧም ንጹሕ ነው። ደስ ሊልሽ ይገባል፤ እኔን ግን ግራ ገባኝ» ስትል በሩ ላይ የሚያስል ሰው ሰማች። ዞር አለች። ልጁ ደረጃውን ወጥቶ መቃኑን ተደግፏል፤ ከንፈሩ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሯል። ወደ እናቱ ተመለከተች። ካውያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሐኪሟ ተንበርክካ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገች። ከዚያ በፊት ያንን ደረት ያዳመጠ ሰው አልነበረም።

«ሳል ብቻ አይደለም» አለች ስትነሳ። «ልቡ ነው። ለልብ የሳል ሽሮፕ ምን ያደርግለታል? ቀድሞ ታይቶ ቢሆን…» አልጨረሰችውም።

«እሷን ያውጧትና እሱን ያስተኙት» አለች ካውያ። «አልጋው እንደሆነ ያው አንድ አልጋ ነው።»

ሐኪሟ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። በመስተዋቱ በኩል እጇን እያወናጨፈች ስትከራከር ይታያል፤ ኃላፊው ደግሞ ጣራ ጣራ ያያል። ስትመለስ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ሽፋኑ እንዲሰፋ ተወስኗል። መመሪያው ግን ገና አልወረደም። በሚቀጥለው በጀት ይሆናል ነው የሚሉት።»

«እሱ እስከዚያ ይቆያል?»

ሐኪሟ መሳቢያዋን ከፍታ ኪኒን አወጣች። «ትንፋሹን ለጊዜው ያቀልለታል። ለጥቂት ቀን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው» አለችና መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ስለ ካርዱ ምንም አላነሳችም።

አጣቢው ሥራ ስለሚጠብቀው ቀድሞ ሄደ። ካውያ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ሚጡ የተወጋ ክንዷን አቅፋ «እዘይኝ» አለች፤ አዘለቻት። ጥቂት እንደሄዱ ትልቁ ልጅ ቆመ፤ እግሩ እምቢ አለው። ካውያ ትንሿን ከጀርባዋ አውርዳ እሱን አዘለችው። እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ተንጠለጠሉ። ሚጡ እያለቀሰች ቀሚሷን ይዛ ተከተለቻት።

አንዲት መንገደኛ ሴት ቆም ብላ አየቻቸውና «አይ የዘንድሮ እናት! ይሄን ጎረምሳ አዝላ ሕፃኗን በእግሯ ታስኬዳለች» አለች።

ካውያ ልጁን ከፍ አድርጋ አስተካከለችውና መንገዷን ቀጠለች።