ኮባውን ያጠብኩበት ውሃ

አጎቴ የሚኖረው በእናቴ ኩላሊት ነው። ሰጠችው። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል፤ መድኃኒቱ ግን በሽታ የመከላከል አቅሙን ያዳክመዋል። ስለዚህ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ፣ ወደ ቡታጅራ ሲመጣ እናቴ አዋጅ አወጣች፦ የሱ ውሃ ይፈላል፤ ሳህኑም በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ የሱ ክትፎ ለብለብ እንኳን አይሆንም፣ በደንብ ይበስላል።

"ይሄ ክትፎ ነው ወይስ ወጥ?" አሉት ዘመዶቻችን። "ጉራጌነትህንም ቀየሩልህ እንዴ?"

አጎቴ ሳቀ። የኔ ግን ሆዴ ባባ። ሌላው ሁሉ በኮባ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ሲበላ እሱ ብቻ በላስቲክ ሳህን! ወደ ጓሮ ሮጥኩና ለጋ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩ። እንሰቱ ሥር ፍግ የደፋነው በዚያው ሳምንት ነበር። ቅጠሉን በበርሜል ውሃ ለቅለቅ አድርጌ፣ ክትፎውን ገልብጬ አቀረብኩለት።

"አንቺ ጉደኛ! አሁን ገና አረፋ ሆነ" አለኝ። እንዴት እንደኮራሁ!

ከሳምንት በኋላ ተቅማጥ ያዘው። አዲስ አበባ ወስደውት ሰገራው ሲመረመር ጃርዲያ ተገኘ። ሐኪሙ ለእናቴ በስልክ አስረዳት፤ ጤነኛውን ሰው ጥቂት ቀን አስቸግሮ የሚለቀው ተሕዋስ አጎቴን ግን አልለቅ ብሎታል፤ ፈሳሽ ከሰውነቱ ስላለቀ ኩላሊቱም እየተጎዳ ነው።

እናቴ ስልኩን ዘግታ ጎኗን፣ የተሰፋችበትን ቦታ ያዘች። "ሥጋውን አላበሰልኩትም ማለት ነው። የሰጠሁትን በገዛ እጄ ልቀማው?"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ስትረግም እየሰማሁ፣ እህል አልወርድ ሲላት እያየሁ ዝም አልኩ። ከቅጠሉ ይልቅ አሁንም ፊቴን የሚያቀላው ይሄ ነው።

በአራተኛው ቀን "እማ፣ ኮባውን ባልፈላ ውሃ ነው ያጠብኩት" አልኳት። አልመታችኝም። ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ፤ "ለሱ ንገሪው።"

ነገርኩት። "ቅጠሉ እርጥብ እንደነበር አይቻለሁ፤ አማረኝና በላሁ። እናትሽን ግን ለምን አስለቀስሻት?" አለኝ።

አልሀምዱሊላህ፣ ተሻለው፤ ኩላሊቱም ተረፈ። በቀጣዩ አረፋ ያንኑ የላስቲክ ሳህን አቀረብኩለት፤ የኔንም ክትፎ አብስዬ፣ በሳህን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዘመዶቻችን "ደግሞ አንቺን ምን ነካሽ?" እያሉ ሳቁብኝ። እናቴ ሰማች፤ ሄዳ የራሷን ሳህን አመጣች።