ኸሊፋ የቀበራት ቁራጭ ሰም

ጎረቤቴ ኸሊፋ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ ያከፋፍላል። ከስልጤ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። የተቆረጠ ጥፍሩንና ፀጉሩን ሳይቀር በወረቀት ጠቅልሎ ጓሮው ካለው ማንጎ ሥር ይቀብራል። ከሰው ገላ የወጣ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም ባይ ነው። እኔ ጴንጤው ጎረቤቱ ሲላስ ደግሞ በዚህ ማሾፍ ልማዴ ነበር፤ "ዛሬስ የማን ቀብር አለ?" እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም።

በ2006 ዓ.ም. ሚስቱ ረይሐና ራስ ምታት አላስቆም አላስቀምጥ ብሏት አዲስ አበባ ወሰዳት። የአንጎል ዕጢ ነው ተባለ። ያለበት ቦታ ለቀዶ ጥገና አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ ቅንጣት ብቻ ቆንጥሮ አወጣ። ክፉ ዓይነት መሆኑ እዚያው ታወቀ፤ ውጭ አገር የሚሠራ አንድ ምርመራ ግን ይቀር ነበር። ለጨረር እስኪመለሱ ሁለት ሳምንት እቤት እንድታርፍ ፈቀዱላት።

እኔ ሴቻ በሚባለው የከተማችን ሰፈር አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ከወባና ከታይፎይድ የዘለለ ነገር አይመጣልኝም፤ ረይሐና ግን ሁሉን የማውቅ ይመስላታል። ስለዚያ ምርመራ ጠየቀችኝና የማውቀውን ነገርኳት። ሐኪሞች ማርከር የሚሉት ምልክት አለ፤ አንድ ዓይነት ዕጢ ከያዛቸው ሁለት ሰዎች አንደኛው ላይ ይገኛል፣ ሌላኛው ላይ አይገኝም። ካለ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ዕድሜም ሊረዝም ይችላል። ከሌለ ተስፋው አጭር ነው። ቀኑን ቆርጦ ባይናገርም ወራት ይሁን ዓመታት ፍንጭ ይሰጣል አልኳት።

"እንግዲያው ወራት ከሆነ ራኒያን አስጠራታለሁ" አለች። "ዓመታት ከሆነ ትማር።"

ራኒያ አንድ ልጃቸው ናት፤ ያኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች።

ሁለት ሳምንቱ አልቆ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሐኪሙ ሰሟ የታለች አለ። ለካ ያቺን የሥጋ ቅንጣት እንዳትበሰብስ በሰም ውስጥ አድርገው፣ ከክብሪት ሳጥን ባነሰች ፕላስቲክ ውስጥ ለኸሊፋ ሰጥተውት ኖሯል፤ ወደ ውጭ ለሚልከው ወኪል የሚያስረክበው እሱ ነበር። ኸሊፋ ምርመራው ያለቀ፣ የተሰጠውም ትርፉ መስሎት በነጭ ጨርቅ ከፍኖ ሙስሊም መቃብር እንደቀበራት ተናገረ። ወዲያው በአውቶቡስ መጥቶ እኔን ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ። ግማሽ ቀን ቆፈርን። የሰሞኑ ዝናብ ዳገቱን አጥቦት ስለነበር ጨርቁንም አላገኘን።

ሌላ ቅንጣት የለም፣ ደግሞ ለመቆንጠር ሐኪሙ እሺ አላለም። መድኃኒቱም ለደከመ ሰው ከባድ ነውና ምልክቱን ሳያይ ለመስጠት አልደፈረም። ጨረር ብቻ ወስዳ ተመለሰች። ረይሐና በባሏ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እንዲያውም ለእኔ ክብር ብሎ ነው እያለች ጠያቂውን ሁሉ ዝም ታሰኝ ነበር። ገበያ ውስጥ የሚያወራ ሲገኝ እኔም እቆጣለሁ። በልቤ ግን አፍር ነበር። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ እያልኩ፣ ናሙናው የት ነው ብዬ አንድ ቀን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ምልክቱ ሳይታወቅ ቀረና ረይሐና ዓመታት እንደሆነ ለማመን ወሰነች። ራኒያ ትምህርቷን ቀጠለች። ከጨረሩ በኋላ በዘጠነኛው ወር፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ሳለች፣ እናቷ ዐረፈች። ሬሳ አይቆይምና በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበረች። ራኒያ ከጅማ የደረሰችው በማግስቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ኸሊፋ ከድንኳኑ ጥግ ጠራኝ።

"ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር" አለኝ። "ይቺ ሰም ናት የሚቀራትን የምትነግረን፣ እንዳትጠፋ ብሎኛል። አንተ ስታስረዳትም ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ወራት ይሉናል ብዬ ፈራሁ፣ ሲላስ። ብጥላት ሰው ይጠይቀኛል። ብቀብራት ግን ማን ይጠይቀኛል?"

ሐዘንተኛ መሆኑን ረስቼ፣ ለምን አልነገርካትም ብዬ አፈጠጥኩበት።

"በየቀኑ ልነግራት እነሳለሁ። እሷ ቀድማ፣ ሳታውቅ ነው ያደረግኸው፣ አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ትለኛለች። አውፍ ያለችው ያላወቀውን ኸሊፋን ነው፤ እኔን አይደለም።"

በዚህ መሃል ራኒያ ሻይ ይዛልን መጣች። ዓይኗ አብጧል። የአባቷን ፊት አየችና አጠገቡ ተንበረከከች።

"አባ፣ በአላህ ራስህን አትጉዳ" አለችው። "አላወቅህም እኮ።"

ኸሊፋ ብርጭቆውን ተቀብሎ አቀረቀረ። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።