በትራክተር የመጣው አባት

ዌንዴል ቅዳሜ ጠዋት መቀመጥ አቃተው። ልጁን ብሪናን ያያት በረዶው ሳይቀልጥ ነው፤ አሁን ስንዴው ለአጨዳ ደርሷል። ፍርድ ቤት በየሁለት ሳምንቱ አብራው እንድትውል ወስኖለታል። የቀድሞ ሚስቱ ሮንዳ ግን አንዴ አሟታል፣ አንዴ እንግዳ መጥቶብናል እያለች ታስቀርበታለች። እሱም የልጁን ቀለብ መክፈል ካቆመ ቆይቷል። ማን ቀድሞ በደለ ቢባሉ ሁለቱም ጣት ይቀስራሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የተበደለችው ብሪና ናት።

ቀለቡን ባለመክፈሉ መንጃ ፈቃዱን ነጥቀውታል። በሳስካቼዋን ግዛት ገጠር መኪና የማይነዳ ሰው ደግሞ እግር እንደሌለው ነው። ልጅ የሚረካከቡት ከሁለቱ ቤት እኩል በሚርቅ ነዳጅ ማደያ ሲሆን፣ ሮንዳ እኩለ ቀን ላይ ካጣችው ጥላው ትሄዳለች። ወንድሙ እንዳያደርሰው አጨዳ ላይ ነው። ዌንዴል ቢጨንቀው ከጎተራው ጀርባ በሸራ የሸፈነውን ትራክተር አስነሳ። የእርሻ መኪና ለሚነዳ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

ትራክተሩ እንደ እርጉዝ ላም አዘገመ። ዌንዴል መቀመጫው ላይ ይቁነጠነጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ከኋላው የተሰለፈውን መኪና ሁሉ ይራገማል። ሲደርስ ሮንዳ ሞተሯን አስነስታ ነበር። ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

የማደያው ባለቤት ሽማግሌው ኦርቪል በር ላይ ወጥቶ ሳቀበት። «ምነው ዌንዴል፣ ልጅ ልትወስድ ነው ወይስ አስፋልቱን ልታርስልን?»

ሮንዳ አልሳቀችም። ከመኪናዋ ወርዳ ትራክተሩን ከጎማ እስከ ጣሪያ ቃኘችው።

«ይሄ የማነው? ለዳኛው ያለኝን ሁሉ ሸጫለሁ ብለህ አልነበር?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው። ዌንዴል ትራክተሩን የገዛው ከፍቺው በኋላ፣ ለልጁ መላክ በነበረበት ገንዘብ ነበር። ልጁን ለማየት ሲጣደፍ ይህን ጭራሽ አላሰበውም።

«የወንድሜ ነው» አለ ከትራክተሩ እየወረደ። «ተውሼው ነው።»

ሮንዳ ከመኪናው ወደ ወረደችው ልጇ ዞረች። «ብሪና፣ እውነቱን ንገሪኝ። የአጎትሽ ነው?»

ብሪና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ አባቷ ትራክተሩ ላይ መሪው ፊት አስቀምጧት «የራሳችን ነው» ብሏታል። እሱን አየችው፣ እናቷን አየች።

«አዎ፣ የአጎቴ ነው» አለች አቀርቅራ።

ሮንዳ ተነፈሰች። «እሺ፣ ሂጂ። አንተ ደግሞ ማታ እንዳታስጠብቀኝ!»

ብሪና ሮጣ የአባቷን እጅ ያዘች። ዌንዴል ስንት ወር የናፈቀው ይህ እጅ ነበር። ልጅቷ ወደ ጆሮው ተንጠራርታ አንሾካሾከች።

«አባዬ፣ ጥሩ ዋሸሁ?»

ዌንዴል አፈረ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ሮንዳ!» ብሎ ተጣራ። «የእኔ ነው። እሷ ለእኔ ብላ ነው፤ እንዳትቆጪያት።»

ሮንዳ ወደ መኪናዋ ስታመራ ቆማ ዞረች። ከዚያ «ሰኞ ለዳኛው ትነግረዋለህ» አለች። «ብሪና፣ ነይ።»

«ለምን ነገርካት?» ብሪና አለቀሰች። «አብረን ልንውል ነበር እኮ!»

ዌንዴል የምታለቅሰውን ልጁን እጇን ይዞ ወሰዳትና የሮንዳን መኪና በር ራሱ ከፈተላት።