የተረፈችው ወንበር

ጎንደር ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ሳስተምር ካሳለፍኩት ዓመት ሁሉ አንድ የክረምት ከሰዓት ብቻ እንደ ሕልም ይመላለስብኛል። ጉሙ በመስኮት ገብቶ አብሮን የሚማር ይመስል ነበር። የደብሩ ደወል ከሩቅ ይሰማል፣ መልሶ ይጠፋል።

ለስድስት ተማሪዎች አምስት ወንበር ደረደርኩ። የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ እየጠሩ ወንበሮቹን ይዞራሉ፤ "ሰንደይ" ስል ወንበር ያጣ ሰው ከጨዋታው ይወጣል።

"ሰንደይ!" አልኩ።

ማንም አልተቀመጠም። ከዳባት የመጡ አዛውንት ገበሬ አብረዋቸው ለሚማሩት ቄስ ወንበር ሳቡላቸው። ቄሱ ደግሞ "ኧረ አያ፣ እርስዎ ይቀመጡ" አሏቸው። የቀሩት አራቱ ታላላቆቻቸው እስኪቀመጡ ቆመው ይጠብቃሉ። ደገምኩት፤ ያው ነው። በሦስተኛው ደሜ ፈላ።

"ጨዋታ እኮ ነው! ተሻሙ እንጂ! መግደርደር ካማራችሁም በእንግሊዝኛ ተግደርደሩ!"

ቄሱ ጥቂት አሰቡና "ፕሊስ፣ ሲት ዳውን" አሉ።

"ኖ፣ ኖ፣ ዩ ሲት" አሉ አዛውንቱ።

አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪወጣቸው የሚያልባቸው ሰዎች፣ ያን ቀን እንግሊዝኛውን እንደ ማኅሌት ይቀባበሉት ጀመር። እኔ ሰሌዳውን ተደግፌ፣ ቁጣዬ የት እንደገባ ሳላውቅ አዳምጣለሁ።

ድንገት ቄሱ አንዷን ወንበር አንስተው አጠገቤ አስቀመጧት።

"ቲቸር" አሉኝ፣ "ዩ ሲት።"

ዓመቱን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። እግሬ መድከሙን ያወቅሁት ያኔ ነው።