ቨርና ታከት ያልነቀለችው ሰሌዳ

ቨርና ታከት ግቢዋ ፊት ለፊት ሁለተኛውን የምርጫ ሰሌዳ የተከለች ዕለት፣ በዚያ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ቀዝቀዝ እያለ ነበር የሚያልፈው። የመጀመሪያው ሰሌዳ ማንንም አላስገረመም። «ሆፍን ለምክር ቤት» ነው የሚለው። የእኛ የምርጫ ክልል ሆፍን ወደ ዋሽንግተን መላክ ከጀመረ ቆይቷል፤ ቨርና ደግሞ ልጆቿ ሳይዳሩ ጀምሮ የፓርቲው የአውራጃ ኮሚቴ ምክትል ሊቀመንበር ናት። ሰውን ያስደነገጠው ሌላኛው ነው። «ለሦስተኛው ጥያቄ አዎ» ይላል፣ በደማቅ አረንጓዴ ቀለም።

በዚያ ዓመት ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ፣ ከዕጩዎቹ ስም በታች፣ ሕዝቡ ራሱ የሚወስንባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ሦስተኛው፣ ታሞ ቤቱ የዋለ ሠራተኛ የዚያ ቀን ደመወዙ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው የሚል ነው። ሆፍ አይከፈለው ብሏል። ፓርቲው እንዴት እንደሚመረጥ ጽፎ በየቤቱ ያደለው ቢጫ ካርድም እንደዚያው ነው የሚለው። በእነዚህ የኦዛርክ ኮረብቶች ሥር ሰው በካርዱ ቢያጉረመርም እንኳ ማድ ቤቱ ውስጥ ያጉረመርማል እንጂ መንገድ ዳር ሰሌዳ አይተክልም።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ወንድም ኦርሊን ታከት፣ የከብት መኖ ሱቅ ያለው። በማግስቱ መጣና ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ቨርና፣ ማነው ይሄን የተከለብሽ?»

«እኔው ነኝ። መዶሻው የቨርጂል ነው፤ ካላመንከኝ ላምጣልህ።»

ኦርሊን የሟች ወንድሙ ስም ሲነሳ ዓይኑን ወደ መኪናው መሪ መለሰ። «እንደሱ አትበይ እንጂ። ምክትሌ ነሽ። ሰው ምን ይላል?»

«ሆፍን ትመርጣለች ይላል። እመርጠዋለሁ። ሦስተኛውንም ትመርጣለች ይላል። እሱንም እመርጣለሁ። ምኑ ነው የከበደህ?»

«ሁለቱ አብሮ አይሄድማ።»

«የእኔ ግቢ ሰፊ ነው።»

«ወይ ሰሌዳውን ንቀይ፣ ወይ ወንበሩን ልቀቂ» አለ ኦርሊን፣ መስኮቱን እየዘጋ።

የቨርና ባል ቨርጂል ታከት በዶሮ ፋብሪካው ዕድሜውን ሙሉ አጥንት ሲለይ የኖረ ሰው ነበር። እዚያ ሠራተኛ ታሞ ሲቀር ደመወዙ ይቆረጣል፣ ነጥብም ይያዝበታል፤ ነጥቡ ሲሞላ ይባረራል። በመጨረሻው ክረምት ሳል ደረቱን እየሰነጠቀው፣ ነጥቡ እንዳይሞላበት እየሰጋ፣ በዚያ ብርድ ቤት ውስጥ ቆሞ ሠራ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሳንባው አልቆ ነበር። ቨርና ከቀብሩ መልስ ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡሷ ተመለሰች፤ ዛሬም ያንኑ አውቶቡስ ትነዳለች። ሆፍን የምትመርጠው ስለ ጠመንጃና ስለ ቤተ ክርስቲያን እንደ እሷ ስለሚያስብ ነው። ስለ ቨርጂል ሳንባ ግን ማንም በካርድ እንዲነግራት አትፈልግም።

ሰሌዳው አልተነቀለም። ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ የፓርቲው የፓይ ጨረታ ሆነ። በእኛ ዘንድ ሴቶቹ ፓይ፣ ማለትም ፍራፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ቂጣ፣ ጋግረው ያመጣሉ፣ ወንዶቹ ይጫረታሉ፣ የሚገኘው ለምርጫ ቅስቀሳ ይውላል። ጉዝቤሪ የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ ያለበት የቨርና ፓይ ሁልጊዜ የሚሻሙበት ነው። አጫራቹ ሽማግሌው ኤልውድ፣ በከብት ገበያ ድምፁን ያሾለ ሰው፣ ከፍ አድርጎ አሳየውና ጥሪውን ለቀቀው። አንድ እጅ አልተነሳም። ኤልውድ ደገመ። ኦርሊን ጫማውን ያያል። ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ።

ኤልውድ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቨርና ተጠጋና በሹክሹክታ «ቨርናዬ፣ ምን ላድርግ?» አላት።

«ስጠኝ» አለች። ተቀበለችው፣ ሹካ አነሳች፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሁሉም ፊት መብላት ጀመረች። ዝም ብላ፣ ሳትቸኩል።

«ስኳሩ ልክ ነው» አለች አፏን እየጠረገች። «ይቅርባችሁ።»

የቁርስ ቤቷ ባለቤት ዳርላ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላ ሰው አልሳቀም።

ማክሰኞ ሰዉ በባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ረቡዕ ጠዋት ቨርና ልጆቹን አድርሳ ዳርላ ቁርስ ቤት ስትገባ፣ ኦርሊንና ጓደኞቹ ከሬዲዮው አጠገብ ድርቅ ብለው ተቀምጠዋል። ሆፍ በምርጫ ክልላችን ተቃዋሚውን አፈር አስግጦታል፤ ከአራት ሰው ሦስቱ መርጠውታል። እዚያው ክልል፣ በዚያው ወረቀት፣ ሦስተኛው ጥያቄም አልፏል። በእኛ አውራጃማ በሰፊው።

«ስህተት መሆን አለበት» አለ ኦርሊን። እሱ ለሆፍ የመጣ ሰው ሁሉ ካርዱን ይዞ የመጣ መስሎት ነበር።

ቨርና ባርኔጣ የደፉትን ወንዶች አንድ በአንድ ቃኘች። «እንግዲህ እኔ አንድ ድምፅ ነው ያለኝ። የቀረው የማነው?»

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ወደ ቡናቸው ዝቅ አደረጉ።

«የድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ ስትገቡ ጀግና፣ ስትወጡ ዲዳ። ፓዬን ብቻዬን ያስበላችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብላ ቡናዋን ይዛ ወጣች። አሸናፊ ሆና ሳለ የተናደደች ሰው ያየነው ያን ቀን ነው።

ኦርሊን ግን ነገሩን አልተወውም። ሐሙስ ኮሚቴው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲሰበሰብ፣ ምክትል ሊቀመንበሯ ከቦታዋ እንድትነሳ ሐሳብ አቀረበ። እንደ ወትሮው እጅ ይውጣ አለ።

ቨርና ተነሳች። «በእጅ አይደለም። በወረቀት ይሁን።»

«በወረቀት ተደርጎ አያውቅም።»

«ደንቡ ግን ይፈቅዳል። ወይስ ትፈራለህ?»

ዳርላ ከመደርደሪያው የመባ ፖስታዎችን አንስታ ማደል ጀመረች። እያንዳንዱ ሰው ጀርባውን አዙሮ ጻፈና ባርኔጣ ውስጥ ጣለ። ኤልውድ ፖስታውን እያነሳ በዚያ በከብት ገበያ ድምፁ አነበበ፦ ትቆይ፣ ትቆይ፣ ትቆይ፣ ትነሳ፣ ትቆይ። ማብቂያው ላይ «ትነሳ» ያሉት ሁለት ብቻ ሆኑ።

አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ክንዷን ነካ አድርጎ «ከጎንሽ ነበርኩ እኮ» አላት።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?» አለችው። ሰውዬው እጁን መለሰ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ሁሉም አዞረች። «ቦታዬ ላይ ካለሁ እኔም ሐሳብ አለኝ። ሆፍና የክፍለ ግዛቱ ሸንጎ ይሄን ሕግ ሊሸራርፉት እንደሚፈልጉ እናንተም ታውቃላችሁ። ይህ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። እናንተን የመረጥን እኛው ነን፣ ሦስተኛውንም ያሳለፍነው እኛው ነን፣ አትንኩት ይበል። ድምፅ እንስጥበት።»

ዳርላ ወደ ፖስታዎቹ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለች ቨርና። «ይሄኛው በእጅ ነው።»

«አሁን በወረቀት አላልሽም?» አለ ኦርሊን።

«ስለ እኔ ሲሆን በወረቀት ይሁን። ይሄ ስለ ራሳችሁ ነው። ቨርጂልን የቀበራችሁት እናንተው ናችሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ ልጅ የሌለው ከመካከላችሁ ማነው? ጎረቤታችሁ እያያችሁ እጃችሁን ታነሳላችሁ ወይም እያያችሁ ትቀመጣላችሁ።»

እጆቿን አጣጥፋ ቆመች። የዳርላ እጅ ወጣ። የማሞቂያው ቱቦ ያንኳኳል። ኤልውድ ጉሮሮውን ጠረገና ያንን የተሸበሸበ እጁን እስከ ጆሮው አደረሰው፤ ቀጥሎም «ከፍ ይበል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«ከፍ ይበል።»

ከኋላ ወንበር ሁለት ተከተሉ፤ ከዚያ ሌሎች። ኦርሊን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ቨርና የተነሱትን እጆች መቁጠር አልጀመረችም። ዋርሳዋን እያየች፣ ሳትቸኩል፣ ትጠብቃለች።