ሽቦዬን ይዤ ጸበል የወረድኩ ዕለት

«ማነህ? ተናገር!» ሲሉኝ ነው አደጋው የገባኝ። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ በዕድሜዬ «አንተ» ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። የሚያጠምቁት አባ የሚያናግሩት እኔን ሳይሆን ውስጤ አለ ያሉትን ጋኔን ነበር። ሁለት ጎረምሶች ክንዶቼን ጠፍንገው ይዘዋል፤ ሌላው ባልዲ ሙሉ ጸበል አንስቷል። ወገቤ ላይ ደግሞ ሳጥኗ አለች!

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ ወደቅሁና ወገቤ ተበላሸ። አራት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ልጅ አላነሳሁም። ድሮ ልብስ አጥብላቸው የነበሩ ፈረንጅ ሐኪም አዝነውልኝ አገራቸው ወስደው አሳከሙኝ፤ ያኔ የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እዚያ አከርካሪዬ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ቀበሩልኝ። ውጭ ወገቤ ላይ የምትታሰር ባለ ባትሪ ሳጥን አለች፤ ገመዷ ቆዳዬን ሳይበሳ ጎኔ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ሳበራት ንዝረት ይመጣና ሕመሙን ይሸፍነዋል። ሐኪሙ «ውሃ እንዳይነካት! ከተበላሸች እናንተ አገር የሚጠግናት የለም» ብለውኛል።

ያን ቀን ወገቤ ከተሻለኝ ብዬ የተሳልኩትን ስለት ላደርስ ከትልቋ ልጄ ጋር ከየካ ተነስቼ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወዳለች አንዲት ጸበል ወጣሁ። በእግሬ! ከደስታዬ ብዛት ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሰገድኩ። ጎንበስ ስል ንዝረቱ እንደሚበረታ አውቃለሁ፤ ግን ሳልቀንሰው ረሳሁ። እግሬን እንደ መብረቅ መታኝ። ጮህኩ፣ ተንፈራገጥኩ።

«አጓራባት! ያዟት!» አለ የከበበኝ ሰው።

«ኧረ አባ፣ ሽቦ ነው! ማሽን ነው!»

«ሽቦ ነኝ ይላል» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ከየት መጣህ?» አሉ አባ።

«ከውጭ አገር ነው፤ ሐኪም ነው ያስገባልኝ!»

«ጉድ! የፈረንጅ ነው ለካ!»

ልጄ ልትናገር ስትል «አንቺ ዞር በይ፣ ወዳንቺ እንዳይመጣ» ብለው ገፏት። ባልዲው ከፍ አለ። በጮህኩ ቁጥር እየባሰብኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄን አጎረነንኩና «እሺ፣ እወጣለሁ!» አልኩ።

እልልታው ቀለጠ።

«ምልክትህ ምንድን ነው?»

«ወገቧ ላይ ያሰርኩትን በገዛ እጇ ፈትታ ለልጇ ትስጥ። ሳይፈታ ውሃ ከነካኝ አልወጣም!»

አባ ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ልቀቋት።»

ፕላስተሩን ላጥኩና ሳጥኗን ለልጄ አቀበልኳት። በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ዛፉ ሥር ሮጠች። ከዚያ ጸበሉ ወረደብኝ፤ አንድ ባልዲ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቅዝቃዜው ነፍሴን ሊያወጣት! እኔ ግን እስቃለሁ። «እንኳን ማረሽ፣ እኅቴ» አሉኝ። ኋላ ለንስሐ አባቴ ስናገር እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ስግደት ሰጡኝ፣ «ግን አጥፍተሻል» ብለው።

ያለ ሳጥኗ ቁልቁለቱን መውረድ ሌላ መከራ ነው። የልጄን ትከሻ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። ጠብታ ነክቷት ይሆን? ቤት ገብቼ ጎኔን አደረቅሁ፣ አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ማዞሪያዋን ቀስ አድርጌ አዞርኩ።

«ንዝረቱ መጣ፣ እማዬ?»

«መጣ! መጣ!»

ሕመሙ እየራቀ ሄደ። ቤቴ ነኝ፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሳጥኗ ትሠራለች። ተርፌያለሁ።