ሬዲዮው የዋጠው ፊደል

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ የሬዲዮዬን የደከሙ የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ ደርድሬ ሳገላብጥ የልጅ ልጄ አየችኝና "እማማ፣ እስኪበስሉ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ የጋለው የድንጋዮቹ ቆርቆሮ ሽታ ግን ልጅ ሳለሁ ወደተማርኩበት ወደ አንኮበር ይዞኝ ሄደ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ንጉሤ በጋ ከክረምት ኮታቸውን የማያወልቁ ረጅም ሰው ነበሩ። የተጻፈ ፊደል ሁሉ መነበብ አለበት ብለው ስለሚያምኑ፣ ቢላዋን በእንግሊዝኛ "ክናይፍ" እያልን ጣሪያው እስኪያስተጋባ እንጮህላቸው ነበር። በሬዲዮ የሚተላለፈው ትምህርት ታሪኩ ስለ አንድ ሥጋ ሻጭ ነበርና ቃሏ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ሬዲዮው ግን "ናይፍ" ይላል። ጋሽ ንጉሤ ቅንጣት አልደነገጡም። "ድንጋዩ ደክሞ ነው፤ ሬዲዮው መጀመሪያ ያለችውን ፊደል፣ ኬን፣ ዋጣት" አሉና ድንጋዮቹን አስወጥተው ፀሐይ እንድናሞቃቸው ላኩን። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየወጣ ፀሐይዋን ስለሚጋርዳት፣ ድንጋዮቹን ታቅፈን ብርሃን ባረፈበት ጥግ ሁሉ ስንሯሯጥ እናረፍዳለን። በሳምንቱ ሬዲዮው ያንኑ ይላል፣ እኛም ያንኑ እናሞቃለን።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው ዘነበች ግን ጆሮዋን አመነች። በወላጆች ቀን እንድታነብ ተመርጣ ስትለማመድ "ናይፍ" አለች። ጋሽ ንጉሤ "አንቺ ፊደል ትበያለሽ፤ ሌላ ሰው ያነባል" አሏት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ አባቷ መጥተው ስታነብ ካላዩ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት ቆርጠዋል። ከክፍሉ ጀርባ ስታለቅስ አግኝቻት፣ እሳቸው እንዳሉት ብላ እንድትገላገል ለመንኳት።

"ሬዲዮው እንደዛ አይልማ" አለችኝ።

የወላጆች ቀን ዋዜማ ጋሽ ንጉሤ ደብረ ብርሃን ደርሰው በገዛ ገንዘባቸው አዳዲስ ድንጋዮች ገዝተው መጡ። ሬዲዮው ክፍሉን በድምፁ ሞላው፤ ጥርት አድርጎ "ናይፍ" አለና እንድንደግም ዝም አለ። ማንም አልደገመም፤ ሁላችንም የምናየው እሳቸውን ነበር። የኮታቸውን ቁልፍ ከፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ። ከዚያ ወደ እኛ አግዳሚ መጡ።

"ተነሺ ዘነበች፤ ሰሌዳው ጋ ሂጂና አስተምሪን" አሉ።

እሷ በተነሳችበት ቦታ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ረጅም ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ተቀመጡ። ዘነበች እየፈራች "ናይፍ" ስትል ከሁላችን ድምፅ የእሳቸው ጎልቶ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ ዘነበች አነበበች። አንድም ቃል ያልገባቸው አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሟት፤ ከትምህርት ቤትም አላስቀሯት። ጋሽ ንጉሤ ኋላ ወደ መዘዞ ተዛውረው እዚያው አረፉ፤ እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

አድጌ መሥሪያ ቤት ስገባ ብዙ አለቆች አየሁ። ስህተታቸው ሲወጣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ወይም ስብሰባውን ይበትናሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ትልቅ ሰው ሁሉ ሲሳሳት ተነስቶ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበርና።